ከቀላሉ መጽሐፍ ጀምሩ፦ እንግሊዝኛን በንባብ ማሻሻል ለምትሹ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልፎ አልፎ ወደ መሃል ከተማ ስለምሄድ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ማለዳ አውቶቡስ ለመያዝ ከእናንተ ጋር እሰለፋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ወፍራም የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ይዛችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ በስልካችሁ ላይ የቃላት ዝርዝር ትሸመድዳላችሁ። ባለፈው ወር የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ እያነበቡ ነው የሠሩት፤ እንግሊዝኛዬ እንዲሻሻል የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?» ሲል ጠየቀኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም መጻፍ እንዳለብኝ ስለተሰማኝ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት።

ሳትቸገሩ የምትረዱትን መጽሐፍ አንብቡ። እሱን ስትጨርሱ ሌላ እንደዚያው ቀላል የሆነ አንሡ፤ ከዚያም ሌላ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ለሚማር ወጣት የልጆች መጽሐፍ አንብብ ማለት ዝቅ አድርጎ ማየት ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ይህን ምክር የሚሰጠኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እቀየመው ነበር። ስላላገኘሁ ግን ዋጋ ከፍያለሁ፤ ሌላ ሰውም አስከፍያለሁ።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ በያዝኩበት የመጀመሪያ ዓመት በአንድ የውኃ ማከፋፈያ ጣቢያ ፓምፕ እንድቆጣጠር ተመደብኩ። የፓምፑ ዘንግ ከአካሉ በሚወጣበት ቦታ ላይ ፓኪንግ የሚባል ገመድ መሳይ ማሸጊያ ይጠመጠማል፤ እሱን የሚያጠብቀው ክፍል ግላንድ ይባላል። ከዚያ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል አየሁና ማኑዋሉን ገለጥኩ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ ዛሬ በቃሌ እይዘዋለሁ፦ «ዱ ኖት ታይትን ዘ ግላንድ አንለስ ዘ ሊኬጅ ኢዝ ኤክሴሲቭ»። ይኸውም «የሚፈሰው ውኃ ከልክ ያለፈ ካልሆነ በስተቀር ግላንዱን አታጥብቅ» ማለት ነው። እኔ «ታይትን» ማጥበቅ፣ «ሊኬጅ» ደግሞ ማፍሰስ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ጥቃቅኖቹን ቃላት ዘልዬ «ካፈሰሰ አጥብቅ» ብዬ አነበብኩትና መፍቻዬን አነሣሁ። ጠብታው ቆመ። ያ ጠብታ ግን ፓኪንጉን የሚያቀዘቅዘው ነበር። ምሽት ላይ የተቃጠለ ቅባት ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ፓኪንጉ ከስሎ፣ ዘንጉ ተፍቆ ተገኘ። የሠፈሩ ሰው ለአንድ ቀን ተኩል ውኃ አጣ። በማግሥቱ እናቶች ጀሪካን ይዘው በጣቢያው አጥር ሥር ተሰልፈው ሳያቸው የተሰማኝ ኀፍረት አሁንም አልለቀቀኝም።

«አንለስ» (ካልሆነ በስተቀር) የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር ማለት አልችልም። በደብተሬ ላይ ከነትርጉሙ ጽፌ ሸምድጄዋለሁ፤ በፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ይሁን እንጂ በሕይወቴ በንባብ ውስጥ ያገኘሁት ምናልባት አሥር ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ዓይኔ ሳያየው አለፈ። ትልልቆቹን ቃላት ብቻ የሚያውቅ አንባቢ የጸሐፊውን ዓረፍተ ነገር አያነብም፤ በሚያውቃቸው ቃላት የራሱን ዓረፍተ ነገር ይሠራል። «አንለስ»፣ «አንቲል» (እስከ)፣ «ኦልዞው» (ምንም እንኳ)፣ «ኢቭን ኢፍ» (ቢሆንም እንኳ) የመሳሰሉት ጥቃቅን ቃላት የነገሩን አቅጣጫ የሚወስኑ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በሽምደዳ ሳይሆን መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ በልዩ ልዩ ቦታ በማግኘት ነው የራስ የሚሆኑት። ይህን ያህል ጊዜ ልታገኟቸው የምትችሉት ብዙ ገጽ ስታነቡ ነው፤ ብዙ ገጽ የሚነበበው ደግሞ ቀላል የሆነ ጽሑፍ ነው።

ለመሆኑ ቀላል የምንለው የትኛውን ነው? የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎች፣ በተለይም የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን፣ አንባቢ ያለ እርዳታ ጽሑፍን በሚገባ እንዲረዳ ካሉት ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ እንዳለበት ይናገራሉ። 300 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ይህ ሲሰላ የማታውቋቸው ቃላት ከስድስት መብለጥ የለባቸውም ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፉን መሃል ላይ ግለጡና የማታውቋቸውን ቃላት በጣታችሁ ቁጠሩ። ከስድስት ካለፉ መጽሐፉን መልሱት፤ ወደፊት ታገኙታላችሁ። ለልብ ወለድና ለጋዜጣ ይህን 98 በመቶ ለማግኘት ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰቦችን (አንድ ቃል ከእሱ ከሚወጡት ቃላት ጋር አንድ ቤተሰብ ይባላል) ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንድ ጀማሪ የታወቀ ልብ ወለድ ገዝቶ ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚተወው ስንፍና ይዞት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከስድስት ለማይበልጡት እንግዳ ቃላት መዝገበ ቃላት አትግለጡ። በግምት የማንበብ ችሎታ አስቀድሞም አላችሁ። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ይበላል» የሚለውን ስታነቡ ሰውዬው ይበላ ወይም ምግቡ የሚበላ ይሁን የምትለዩት በዙሪያው ካሉት ቃላት ነው። «ገና» የሚለውም በዓል ይሁን ጊዜ በዚሁ መንገድ ይታወቃል። ይህን የምታደርጉት ሳትቆሙ፣ ሳታስቡትም ነው። በእንግሊዝኛም ይኸው ዐቅም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ዙሪያው ያለው ሁሉ ሲታወቅ ነው። እኔ ፓምፑ ላይ የገመትኩት ዙሪያውን ሳላውቅ ነበርና ግምቴ ፈጠራ ሆነ።

ሌላው እንቅፋት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በልብ ወደ አማርኛ መመለስ ነው። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ከአቃቂ የመጣው ልጅ» ስንል ልጁን የሚገልጸው ሁሉ ከልጁ ይቀድማል። እንግሊዝኛ ልጁን አስቀድሞ ጠርቶ «ሁ ኬም ፍሮም አቃቂ» እያለ ከኋላው ያስከትላል። የሚተረጉም አንባቢ እስከ ነጥቡ ሄዶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ዓይኑ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስና በአሥር ደቂቃ ይደክማል። ቀላል መጽሐፍ በቀጥታ ወደፊት እንድትሄዱ ስለሚፈቅድላችሁ፣ የእንግሊዝኛው ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ የራሳችሁ ይሆናል።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በፊጂ ደሴቶች ዋሪክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ የተባሉ ምሁራን ስምንት የገጠር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ላሉ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች በሥዕል የተደገፉ ብዙ የእንግሊዝኛ ታሪክ መጻሕፍት አቀረቡላቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት መሠረት እነዚህ ልጆች አንብቦና አዳምጦ በመረዳት ረገድ ከተለመደው ፍጥነት በእጥፍ አደጉ። መጻሕፍት ብርቅ በሆኑባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች የታየ ውጤት በመሆኑ ለእኛ አገር ልጆች ቅርብ ነው እላለሁ።

እኔ የተማርኩት ከልጄ መጻሕፍት ነው። እሷ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ጥንቸልና ስለ ዝሆን የተጻፉትን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ እሷ ከተኛች በኋላም ብቻዬን ደገምኳቸው። በሦስተኛው ዓመት ያንን ማኑዋል ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ ቀጭን መጽሐፍ ስትይዙ ሰው ያየኛል ብላችሁ ሽፋኑን አትደብቁ።

መጽሐፍ ለማግኘት፣ በደረጃ ተከፍለው ለተማሪ የተዘጋጁትን ፈልጉ። ለምሳሌ ኦክስፎርድ ቡክወርምስ የሚባሉት በመጀመሪያው ደረጃ 400፣ በስድስተኛው 2,500 ያህል ዋና ዋና ቃላትን ይጠቀማሉ። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ጠይቁ፤ ወደ አራት ኪሎ መንገድ ካላችሁ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። በቀን 20 ደቂቃ፣ በደቂቃ 100 ቃል ብቻ ብታነቡ በዓመት ከ700,000 ቃላት በላይ ይሆናል፤ የአውቶቡስ ሰልፉ ብቻ ይህን ጊዜ ይሰጣችኋል። ደብተር ከያዛችሁም ነጠላ ቃል ሳይሆን ቃሉ ያለበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ጎረቤቴ መጀመሪያ ከመደርደሪያዬ ያነሣው ወፍራም ልብ ወለድ ነበር። አንድ ገጽ ላይ አሥራ አራት የማያውቃቸውን ቃላት ቆጠረና ዝም ብሎ መለሰው። ከታችኛው ረድፍ ሁለተኛ ደረጃ የሚል ቀጭን መጽሐፍ አውጥቶ ሲቆጥር ሦስት ብቻ አገኘ፤ እሱን ይዞ ሄደ።