ስታፉ የቆመበት አፈር

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ስድስት ኪሎ አንድ ፎቶኮፒ ቤት በር ላይ «አሳይመንትና ሪሰርች በተመጣጣኝ ዋጋ እንሠራለን» የሚል ወረቀት አየሁ። አንዲት ተማሪ ቁጥሩን ስልኳ ላይ ትመዘግባለች። ላናግራት ብዬ ተውኩት። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልጻፈው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ተማሪ ሳለን በሰርቬይንግ፣ ማለትም በመሬት ልኬት ኮርስ የቡድን ሥራ ተሰጠን። ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ሐውልት የመንገዱን ከፍታ ሌቭል በሚባለው የከፍታ መለኪያ መሣሪያ እየለካን መውጣት፣ ከዚያ እየለካን ወደተነሣንበት መመለስ ነው። ስንወጣ የደመርነውና ስንመለስ የቀነስነው እኩል መምጣት አለበት። ቢለያይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ በ4 ሳንቲ ሜትር ተለያየ። ደክሞናል፣ ፀሐዩም በርትቷል። ልኬቱን የመዘገብንበት ፊልድ ቡክ ላይ ሁለት ንባብ በላጲስ አጠፋንና አስተካከልነው። ዜሮ መጣ።

መምህራችን ደብተሩን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው አዩት። አልተቆጡም። «ስህተቱ የት እንደገባ ፈልጋችሁ አምጡልኝ» አሉ።

በማግሥቱ በጠዋት ወጥተን መንገዱን ቁራጭ በቁራጭ እንደገና ለካን። ተገኘ። ስታፉን፣ በሌቭሉ እያየን ቁጥሩን የምናነብበትን ረጅም ዘንግ፣ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያልተጠቀጠቀ አፈር ላይ አቁሜው፣ በሁለት ንባብ መሃል ሰምጦብኛል።

ፈተና ላይ ቀመሩን ጽፌ ሙሉ ማርክ አገኝ ነበር። ስለ አፈሩ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ሳይት ስገባ መጀመሪያ የማየው ስታፍ የያዘውን ልጅ እግር ሥር ነው። ያቺ 4 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ማንንም አልጎዳችም። የፍሳሽ መስመር ላይ ብትሆን ኖሮ ቆሻሻው ወደ ሰው ቤት ሊመለስ ይችል ነበር። አሳይመንት የሚሰጣችሁ ለዚህ ነው፤ ሰው ሳይጎዳ እንድትሳሳቱ።

አምስት መምህር በአንድ ሳምንት ሲደራርብባችሁ፣ በተለይ ቀን እየሠራችሁ ማታ ስትማሩ፣ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ያላለቀውን የራሳችሁን አስረክቡ። አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስም የሚያስገቡበት የቡድን ሥራም ያው ግዢ ነው። ቻትጂፒቲን ከጠየቃችሁም፣ መጀመሪያ ራሳችሁ ሠርታችሁ «የቱ ጋ ተሳሳትኩ?» በሉት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ እዚያ ወንበር ላይ አሳይመንቱን የሸጠላችሁ ሰው አይቀመጥላችሁም።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አልጠፋም። ሠርቶ ያልመጣለት ካለ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። ላጲስ ሳይነካው።