መብራት ሲጠፋ፣ እንግዳ ማይክ ሲቀበል፦ የመድረክ ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በሠርግ፣ በሆቴልና በበዓል መድረክ ላይ ከሚጫወቱ የአካባቢ ባንዶች የመጡ ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሡትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

*ጥያቄ፦ ሠርግ ላይ ጨዋታው ደርቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ተነሥቶ ስንገባ ኪቦርዱ ዘፋኛችን ከያዘችው ኪ (ዘፈኑ የቆመበት የድምፅ ከፍታ) ውጭ ሆነ። እሷም ግራ ገብቷት ዝም አለች፤ ጨፋሪው ቆመ። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን? (ኪቦርዲስት፣ ከሐዋሳ)*

ኪቦርዱ ደህና ነው። አብዛኞቹ የስታይል ኪቦርዶች (ምቱንና አጃቢውን ራሳቸው የሚያሰሙት) ኃይል ሲቋረጥባቸው ትራንስፖዙን፣ ማለትም የቁልፎቹን ሁሉ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ ወደ ዜሮ ይመልሱታል። ዘፋኟ በሚ ፍላት (ከሚ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) እየዘፈነች እርስዎ ጣትዎን ዶ ላይ አድርገው ትራንስፖዙን በሦስት ከፍ አድርገውት ከነበረ፣ መብራት ሲመለስ ያው ጣት ዶን ብቻ ያሰማል። ከዘፋኟ በአንድ ተኩል ድምፅ ወርደው ገቡ ማለት ነው። ስታይሉና ቴምፖውም ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመለሳሉ፤ ለቅኝት ብለው ስኬል ቱኒንግ (እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ ማስተካከያው) ላይ የነካኩት ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል።

መከላከያው እያንዳንዱን ዘፈን ሜሞሪ ላይ ማስቀመጥ ነው። ነገር ግን በአንዳንድ ሞዴሎች ትራንስፖዝ ከሜሞሪው ጋር የሚቀመጠው፣ በማስቀመጫው ገጽ ላይ እንዲካተት ምልክት ከተደረገበት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ይፈትኑት። ትራንስፖዙን ሦስት ላይ ያድርጉና ያስቀምጡ፤ ከዚያ በማጥፊያው ሳይሆን ሶኬቱን ነቅለው ያጥፉት። መልሰው ሲያበሩና ሜሞሪውን ሲጫኑ የነበረው ድምፅ ካልመጣ ምልክቱ አልተደረገም። ከቁልፎቹ በላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው የዘፈኑን ስም፣ ኪውን፣ የትራንስፖዙን ቁጥርና ቴምፖውን በወፍራም እስክሪብቶ መጻፍም አይናቅ፤ በጨለማ በስልክ መብራት የሚነበብ ይህ ብቻ ነው።

አቅም ካለ 650 ቪኤ የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ይግዙ። ኪቦርድና ትንሽ ሚክሰር ብቻ ከተሰካበት፣ ባትሪው ደህና እስከሆነ ድረስ ጀነሬተር እስኪነሣ ያቆያችኋል። አምፕሊፋየር ወይም የራሱ አምፕ ያለው ስፒከር ግን በፍጹም አይሰካበት፤ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ሁሉንም አንድ ላይ ያጠፋባችኋል። የዩፒኤስ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደክም ከትልቅ ሥራ በፊት ሶኬቱን ነቅሎ መሞከር ይገባል።

አሁን ወደ ጨለማው እንምጣ፤ ሌሊቱ የሚድነውም የሚበላሸውም እዚያ ነው። የስታይል ምት ከኪቦርዱ ጋር አብሮ ስለሚሞት፣ ድራመር የሌለው ባንድ ከበሮውን መኪና ውስጥ ትቶ መድረክ መውጣት የለበትም። ስምምነቱ አስቀድሞ ይደረግ፦ መብራት ሲጠፋ ድራመሩ ወይም ከበሮ መቺው ምቱን አያቆምም፤ ማሲንቆ ወይም ሳክስፎን ካለ ኪውን ይዞ ይቀጥላል፤ ዘፋኟ ከመድረክ ወርዳ ሰው መሀል ትገባለች፤ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ተቀባይ ያለው ዘፈን መሀል ከሆናችሁ ተቀባዩን ለእንግዶቹ ስጧቸው። ድምፅ ማጉያ ሳይኖር መቶ ሰው ሲቀበል የሚፈጠረው ነገር በየትኛውም ስፒከር አይገኝም፤ ሙሽሮቹም ከዓመታት በኋላ የሚያወሩት ስለዚያ ነው።

መብራት ሲመለስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የሚክሰሩ ማስተር (ዋናው የድምፅ መጠን) ይውረድ፤ ቀጥሎ ሚክሰሩና ኪቦርዱ ይብሩ፤ አምፕሊፋየር መጨረሻ ላይ። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ የሚሰማው ፍንዳታ የስፒከርን ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ያቃጥላል። ኪቦርዲስቱ በሄድፎን የዘፋኟን ድምፅ ይፈልግ፤ ያለ መሣሪያ የዘፈነ ሰው ግማሽ ድምፅ መንሸራተቱ የተለመደ ነውና ፕላስተሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አምኖ አይግባ። መግቢያው ድራመሩ በሚሰጠው ምልክት የዝማሬው መጀመሪያ ላይ ይሁን። ዘፈኑን እንደገና ከመግቢያው መጀመር ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ተሟሙቆ የቆየውን ጨፋሪ መልሶ ያስቀምጠዋል።

*ጥያቄ፦ የሙሽራው አጎት ማይክ ይቀበሉና ዘፈን ያወጣሉ። ኪውን ሳናገኘው ዘፈኑ ያልቃል። አንዳንዴ ደግሞ የምንጫወታቸው ኖታዎች ሁሉ እሳቸው ከሚዘፍኑት ጋር አንድ ሆነው እንኳ የሚጎረብጥ ነገር አለ። ለምን? (ቤዝ ጊታሪስት፣ ከደሴ)*

በጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል ላይ በጣም ትክክለኛ ነገር አስተውለዋል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ድራመሩ ችክችካውን ይያዝ፣ ሌላው እጁን ይሰብስብ። ሁሉም በየፊናው ኪ ሲፈልግ አጎትየው የሚሰሙት የተደበላለቀ ድምፅ ስለሆነ እሳቸውም ይጠፋሉ። ኪ ፈላጊ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ቤዝ ጊታሪስቱ ይሻላል፤ ዝቅ አድርጎ ሲፈልግ አይሰማበትም። ስንኙ የጀመረበትን ሳይሆን ያረፈበትን ድምፅ ይያዙ። ሰው ሲጀምር እንደ ስሜቱ ከየትም ይነሣል፤ ሲያርፍ ግን ብዙውን ጊዜ ቤቱ (የቅኝቱ ዋና ማረፊያ ድምፅ ላይ) ገብቶ ያርፋል።

ቤቱን ካገኙ ቅኝቱን ይለዩ። ዶን ቤት ብናደርግ፣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን ማይነሩ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ይሆናል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። መለያው ከቤቱ ቀጥሎ ያለው ድምፅ ነው። ሙሉ ድምፅ ከወጣ ትዝታ ነው፤ ግማሽ ብቻ ከወጣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ፤ ዘለል ብሎ ሚ ወይም ሚ ፍላት ላይ ካረፈ ባቲ።

የጎረበጠዎት ነገር ምንጩ እዚሁ ነው። የዶ ትዝታ ማይነርና የሶል አምባሰል አምስቱም ኖታዎቻቸው አንድ ናቸው። የዶ ባቲ ማይነርም ከሚ ፍላት ትዝታ ሜጀር ጋር እንዲሁ። ስለዚህ አጎትየው ሶል ላይ እያረፉ አምባሰል ሲዘፍኑ እናንተ ዶን ቤት አድርጋችሁ ትዝታ ማይነር ብትጫወቱ፣ አንድም የተሳሳተ ኖታ ሳይኖር ዘፈኑ ቤት አልባ ይሆናል። ቤዙ የሚያርፍበትን ቦታ ሲቀይር ብቻ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ኪቦርዲስቱ ምንም መንካት አይኖርበትም፤ ግራ እጁን ግን ከቤዙ ጋር ያስማማ።

እርግጠኛ እስክትሆኑ ድረስ ሙሉ ኮርድ አትምቱ፤ ቤቱንና አምስተኛውን ብቻ ያዙ። ይህ በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ያስኬዳል። በአንቺሆዬ ግን አምስተኛው ሶል ፍላት ስለሆነ የለመደ ጣት ሶል ላይ ሲያርፍ ወዲያው ያጋልጣል፤ እዚያ ቤቱን ብቻ መያዝ ይበቃል። ስሜት ሲጨምር የእንግዳው ድምፅ ወደ ላይ መሳቡም አይቀርም። ኪቦርዱን ስንኝ መሀል በትራንስፖዝ ማሳደድ ከመሳሳት የባሰ ነው፤ መሸጋገሪያው ላይ ቀይሩና አዲሱን ቤት ጎላ አድርጋችሁ አሰሟቸው።

ለእንግዳ የተለየ ማይክ ይዘጋጅ። ከ120 ኸርዝ በታች ያለው ይቆረጥለት፣ ሞኒተር (ለዘፋኙ የራሱን ድምፅ የሚያሰማው የመድረክ ስፒከር) ውስጥም ከዘፋኙ ያነሰ ይግባ። እንግዳ ሲጨፍር ማይኩን ወደ ሞኒተሩ ያዞረዋል፤ የማይኩን ራስ በመዳፉ ሸፍኖ የያዘ ደግሞ ማይኩ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ እንዳይቀበል የተሠራበትን ነገር ስለሚዘጋው ፉጨቱን ይጠራዋል። የሚሸልመው ሰው ብር ሊለጥፍ ሲሮጥ ኬብል እንዳይጠልፈው፣ ኬብሎቹ በመድረኩ ኋላ ዞረው በፕላስተር ይጣበቁ።

*ጥያቄ፦ ጊታር ይዤ ስዘፍን ማይኩ ከንፈሬን ይነዝረኛል። ስፖንጅ ባለብሰው ይበቃል? (ከጎንደር)*

አይበቃም፤ ይህ ሰው የሚገድል ነገር ስለሆነ ሳይስተካከል አይጫወቱ። የጊታሩ ክሮች በአምፑ በኩል፣ ማይኩ በሚክሰሩ በኩል ከመሬት ሽቦ ጋር ይገናኛሉ። ሁለቱ ከተለያየ ሶኬት ከተነሡና የአንዱ የመሬት ሽቦ ከተቆረጠ፣ በመካከላቸው ያለውን ቮልቴጅ የሚያገናኘው የእርስዎ ሰውነት ነው። መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ ያስነኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት፤ አሥር ቮልት እንኳ ካሳየ እጅዎን ያንሡ። አምፑንና ሚክሰሩን የመሬት ሽቦው ደህና ከሆነ አንድ መስመር ላይ ይሰኩ፤ በገበያ ያሉ አንዳንድ ዲቫይደሮች የመሬት ቀዳዳ ኖሯቸው ውስጣቸው ሽቦ ስለሌለው ተከፍተው ይታዩ። ጉምጉምታ ለማጥፋት ብሎ የመሬት እግሩን መቁረጥ ክልክል ነው፤ ለዚያ ዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ላይ የመሬት ማላቀቂያ ቁልፍ አለ፤ እሱ የሚያላቅቀው የድምፅ ኬብሉን ብቻ ነው። ለዚያች ሌሊት ሌላ መንገድ ከሌለ በዋየርለስ ማይክ ይዝፈኑ፤ መስመሩን ግን በማግስቱ ኤሌክትሪሻን ይየው።

*ጥያቄ፦ 5 ኪሎ ቪኤ የተጻፈበት ጀነሬተር ተከራይተን ባስ ድራሙ በተመታ ቁጥር አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ፤ ሚክሰሩም ጠፍቶ ይነሣል። (ከአዲስ አበባ)*

የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ቤንዚን ጀነሬተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። የተጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ የሚችለው ከፍተኛው ነው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ከ3.5 ኪሎ ቪኤ እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ ላይ ድግሱ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተሰካ አለቀ፤ አንድ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ከጋባዦቹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ወጥ ቤቱ ከእናንተ መስመር እንዲለይ ማድረግ የባንዱ መሪ ሥራ ነው። ባለ 1,000 ዋት ሃሎጅን መብራቶችን በኤልኢዲ ለውጡ።

ኬብሉንም ተመልከቱ። 50 ሜትር ርቀት ላይ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 10 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 12 ቮልት ይውጣል፤ 2.5 ቢሆን 7 ገደማ። ተጠቅልሎ የቀረ ኬብል ደግሞ ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል። ሙሉ በሙሉ ይፈታ።

*ጥያቄ፦ ዘፋኛችን እኩለ ሌሊት ሲሆን ድምፁ ይዘጋል። (ከባሕር ዳር)*

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞኒተሩ ነው። ራሱን ያልሰማ ዘፋኝ ይጮኻል፤ የሚጮኽ ጉሮሮ ደግሞ አያድርም። የዘፋኙን ሞኒተር ከመጨመር በፊት የሊድ ጊታሩንና የኪቦርዱን ድምፅ መድረክ ላይ ቀንሱ። ከፍተኛ ኪ ያላቸውን ዘፈኖች በመጀመሪያው ሲሶ ላይ አድርጉ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያው ዘፈን በግማሽ ወይም በአንድ ድምፅ ቢወርድ አድማጭ አያስተውለውም። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት እንግዳው መውጣት ስለማይችል የሆቴል ባንዶች እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር። እንዲህ ያለውን ሌሊት የሚያስችለው ዘፋኝ መቀያየርና በመሀል በመሣሪያ ብቻ መጫወት ነው፤ ለዛሬው ሠርግም ይሠራል።

*ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ መሣሪያዎቻችንን ይዘን መጥተናል። አዳራሹ ገና ሳይሞቅ ስንጀምር ዋሽንቱ ከኪቦርዱ ይወርዳል። ኪቦርዱንስ እዚህ ሶኬት ላይ መሰካት እንችላለን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)*

ኪቦርዱ የውጭ አዳፕተር ካለው ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬቱን እግር መቀየር ይበቃል። 220 ብቻ የሚል ከሆነ ግን የአሜሪካውን 120 ቮልት ወደ 220 የሚያወጣ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከኋላው 115/230 የሚል መቀየሪያ ያለው አምፕሊፋየር እዚያ 115 ላይ ይደረጋል፤ ወደ አገር ቤት ሲመለስ ግን ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑ ይረጋገጥ፤ አለዚያ በመጀመሪያው ሰከንድ ይቃጠላል።

ዋሽንቱ የሚወርደው በብርድ ምክንያት ነው። በውስጡ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል። ዋሽንቶቹን በኮት ውስጥ ኪስ ይያዟቸው፤ ከመግባታችሁ በፊትም ጥቂት ደቂቃ ሳትነፉ ሞቅ ያለ ትንፋሽ አሳልፉባቸው። አሁንም ከወረደ የኪቦርዱን ማስተር ቱን (የሁሉም ኖታዎች መቃኛ መነሻ) ከ440 ወደ 435 ኸርዝ ዝቅ ማድረግ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያወርዳል። ይህ ከሆነ ቤዙም፣ ጊታሩም፣ ክራሩም ቱነራቸውን 435 ላይ አድርገው ዳግም ይቃኙ፤ አዳራሹ ሲሞቅ ዋሽንቱ ስለሚወጣ በመጀመሪያው ዕረፍት ሁሉም አንድ ላይ ወደ 440 ይመለስ።