ቀኑ የሚቆጠረው ደም ከተቀዳበት ዕለት ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በጀርመን አገር ሥራ ስላገኘ ከሦስት ወር በኋላ መላው ቤተሰባችን ወደ ፍራንክፈርት ይሄዳል። ቡቺ የሚባል ውሻና አንዲት ድመት አሉን፤ ልጆቼ እነሱን ትቶ መሄድን መስማት እንኳ አይፈልጉም። ቡቺ አምና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከትቧል፣ ደብተሩም በእጄ ይገኛል፤ ማይክሮቺፕ ግን የለውም። ድመቷ ጨርሶ አልተከተበችም። ከእኛ ጋር በአንድ አውሮፕላን መግባት ይችላሉ? (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሦስት ወር ውስጥ አይችሉም። ይህን በቅድሚያ የምንነግርዎት የቀረው ጊዜ በከንቱ ሳያልፍ ሌላ መላ እንዲያበጁ ነው፤ መላውም አለ።

ውሻም ሆነ ድመት ከባለቤቱ ጋር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባው ኅብረቱ ባወጣው ደንብ መሠረት ነው። ኢትዮጵያ በእብድ ውሻ በሽታ ቁጥጥር ረገድ ኅብረቱ በተቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለማትገኝ፣ ከዚህ የሚነሣ እንስሳ መከተቡ ብቻ አይበቃም፤ ክትባቱ መሥራቱም በደም ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። መጀመሪያ የእንስሳውን መለያ ቁጥር የያዘው ማይክሮቺፕ ከቆዳ ሥር ይገባል፤ ክትባቱ በዚያው ዕለት ወይም ከዚያ በኋላ ይሰጣል፤ ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ሲሞላ ደም ይቀዳል፤ ደሙ ከተቀዳበት ዕለት አንሥቶ ደግሞ ሦስት ወር ይጠበቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ ቢጀምሩ እንኳ ቢያንስ አራት ወር ያስፈልግዎታል። የቡቺ የአምና ክትባት ማይክሮቺፕ ሳይኖረው የተሰጠ በመሆኑ አይቆጠርለትም፤ የተከተበው ውሻ ራሱ ቡቺ ስለመሆኑ የሚመሰክር ቁጥር በደብተሩ ላይ የለምና።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ምርመራው ካለፈ በኋላ ስለሚጠበቀው ሦስት ወር ነው። ምክንያቱ ግን በቂ ነው፤ በሽታው ከንክሻው በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምልክት ሳያሳይ ስለሚቆይ፣ ከመከተቡ በፊት የተነከሰ ውሻ ምርመራውን አልፎም በሽታውን ይዞ ሊጓዝ ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም እንስሳንም ማዳን የማይቻልበት በሽታ መሆኑን እኛ ኢትዮጵያውያን በቅርብ ስለምናውቅ፣ ይህን ጥበቃ እንደ ከንቱ ውጣ ውረድ ልናየው አይገባም።

ምርመራው የሚደረገው የአውሮፓ ኅብረት ባጸደቀው ላቦራቶሪ ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም (ከደም ተለይቶ በሚወጣው ፈሳሽ) ውስጥ ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት አንቲቦዲ (ክትባቱ የሚያስገኘው በሽታ ተከላካይ) መገኘት አለበት። ሴረሙ ተለይቶና ቅዝቃዜው ተጠብቆ ወደ ውጭ ስለሚላክ፣ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ከላቦራቶሪው ጋር ይጻጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ እንስሳ በአንድ ክትባት ብቻ ከመጠኑ በታች ሆኖ የሚወድቅበት ጊዜ አለ፤ ቢወድቅ ደግሞ የጥበቃው ቆጠራ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛ ክትባት መስጠት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ከተሰጠም 30 ቀኑን ከሁለተኛው መቁጠር ይሻላል። ውጤቱ አንድ ጊዜ ካለፈ፣ ቀጣዮቹ ክትባቶች ጊዜያቸው ሳያልፍ እስከተሰጡ ድረስ፣ ምርመራው ዳግመኛ አይጠየቅም።

በዚህ መካከል አገራችንን ብቻ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በደብተር ላይ 5/3/2018 ተብሎ የተጻፈ ክትባት ለእኛ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ የፍራንክፈርቱ መርማሪ ግን እ.ኤ.አ. በማርች 2018 የተሰጠና ጊዜው ያለፈበት ክትባት አድርጎ ያነበዋል። እያንዳንዱ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወሩም በእንግሊዝኛ በፊደል እንዲጻፍ ሐኪሙን አጥብቀው ይጠይቁ። የማይክሮቺፑ 15 አኃዝ በክትባት ማስረጃውም በላቦራቶሪው ውጤትም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑንም ራስዎ ያመሳክሩ።

አሁን ወደ መላው እንምጣ። እንስሳው ከባለቤቱ ጉዞ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 5 ቀናት ውስጥ ካልተጓዘ እንደ ንግድ ዕቃ ተቆጥሮ ሌላ፣ ጠበቅ ያለ ሕግ ይመለከተዋል። ስለዚህ «እኛ እንሂድና በኋላ ዘመድ ይልክልናል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ቤተሰቡ በሁለት ቢከፈልና ባለቤትዎ ቀድመው ቢሄዱ፣ እንስሳቱ በእርስዎ ስም ተመዝግበው ጊዜው ሲደርስ ከእርስዎ ጋር ቢጓዙ ይሻላል። ይህ ካልሆነ ለታመነ ሰው አደራ ሰጥተው ከወራት በኋላ ተመልሰው ይውሰዷቸው። በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የተረጋገጠው የጤና ምስክር ወረቀት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ድንበር ላይ መቅረብ ስላለበት ወረቀቱን አስቀድመው አያውጡ። ጀርመን ከገቡ በኋላ ለቡቺ በሚኖሩበት ከተማ የውሻ ግብር ይከፍላሉ፤ ለድመቷ አይከፈልም።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኝ ወደ ቨርጂኒያ ልሄድ ነው። ውሻዬ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የተከተበችውም እዚሁ ነው። የአሜሪካ ሕግ በቅርቡ ጠብቋል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው? (አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እውነት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ወደ አገሪቱ የሚገባ ማንኛውም ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና የመግቢያ ቅጹ በኢንተርኔት የተሞላለት መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የውሻ እብደት በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች መካከል ስለተመደበች፣ እዚህ ለተከተበች ውሻ በመንግሥት ሐኪም የተረጋገጠ ልዩ የክትባት ቅጽ ይጠየቃል። ከዚህም በላይ ማዕከሉ በመዘገበው የእንስሳት ማቆያ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ውሻዋ እንደደረሰች እዚያ ትመረመራለች፣ እንደገናም ትከተባለች። መግባት የሚቻለውም እንዲህ ያለ ማቆያ ባለባቸው አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ (Dulles) ከእነዚህ አንዱ በመሆኑና የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደዚያ ስለሚበር ለእርስዎ ይመቻል።

የደም ምርመራ ማስረጃ ከሌለ ውሻዋ በማቆያው ውስጥ 28 ቀን በእርስዎ ወጪ ትቆያለች። ብቻዋን በማታውቀው ቦታ ያን ያህል ቀን ከምትከርም ምርመራውን እዚህ ማስደረጉ በእጅጉ ይሻላል ብለን እናምናለን። ደሙ ከመጀመሪያው ክትባት ቢያንስ 30 ቀን በኋላ፣ አሜሪካ ከመግባቷም ቢያንስ 28 ቀን በፊት ይቀዳል፤ ላቦራቶሪውም ማዕከሉ ያጸደቀው መሆን አለበት። አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ በአገራችን ስላለ፣ እግሯና ጸጉሯ ከጭቃና ከእበት ጸድቶ፣ ሣርና ጭድ በሌለበት ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ትጓዝ። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ግን አይስጧት፤ በበረራ ላይ አተነፋፈሷንና የደም ግፊቷን ሊያውክ ይችላል። ሳጥኗን ከወራት በፊት ገዝተው ቤት ውስጥ ያስቀምጡላት፤ እዚያው እየበላችና እየተኛች ከለመደችው ጉዞው ይቀልላታል።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ድመቷን አውሮፕላን ውስጥ አብራት ይዛ መግባት ትችላለች? (አንዲት አንባቢ፣ ከለንደን)

መልስ፦ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ የሚገባ ድመት በተፈቀደ መስመር በካርጎ መምጣት ስላለበት ከእናትዎ ጋር መቀመጥ አይችልም። የማይክሮቺፑ፣ የክትባቱ፣ የደም ምርመራውና የሦስት ወሩ ጥበቃ እዚህም ያው ነው። በውሾች ላይ የሚጠየቀው የኮሶ ትል ሕክምና ድመቶችን አይመለከትም። እናትዎ ካርጎውን ካልወደዱት፣ ለአውሮፓ ኅብረት የሚያስፈልገውን አሟልተው በፓሪስ በኩል ገብተው፣ ከዚያ እርስዎ በመኪና በባሕር ሥር ባቡሩ ሊያሻግሯቸው ይችላሉ፤ ያኔ ድመቷ ከእናትዎ አጠገብ ትሆናለች። በዚህ መንገድ ከመጡ ግን የሁለቱንም ወገን ወረቀት፣ የኅብረቱንም የእንግሊዝንም፣ ከአዲስ አበባ ሳይነሡ አሟልተው መያዝ አለባቸው።