ሞተሩን ከመፍታትህ በፊት የምትገዛው መሣሪያ

ከሱሉልታ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ የ1998 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። እንጦጦን ስወጣ ኃይል ያጣል። ጭስ የለውም፤ ዘይትም አይጎድልም። የኮምፕሬሽን መለኪያ ተውሼ ለካሁት። አራቱ ሲሊንደሮች 138፣ 136፣ 140 እና 135 ፒኤስአይ አሳዩ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ጤነኛ ሞተር ወደ 180 መሆን አለበት ይላል። አንድ ሜካኒክም ‹ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ› አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልፈታው አስቤያለሁ። ምን ምን መሣሪያ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ መሣሪያውን እነግርሃለሁ። ግን አስቀድመን ቁጥሮችህን እንያቸው። ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው፤ ፒኤስአይ ደግሞ የግፊቱ መለኪያ ነው። ፋሻ የሚባለው ያ ግፊት በፒስተኑ ጎን እንዳያመልጥ የሚዘጋው ቀለበት ነው። እኔ በእነዚህ ቁጥሮች ሞተር አላወርድም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሱሉልታ ደግሞ ከእሷም ትበልጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ፒስተኑ የሚያምቀው ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 180 የሚያሳይ ሞተር እኛ ዘንድ ሲደርስ ከ135 እስከ 145 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ያነበብከው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። የራስህን ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ከጥገና መጽሐፉ ፈልግና ከ20 እስከ 25 በመቶ ቀንስለት። ማወዳደር ያለብህ ከዚያ ጋር ነው።

ይበልጥ ደስ ያለኝ ደግሞ የአራቱ መቀራረብ ነው። ትልቁ 140፣ ትንሹ 135። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ቢወርድ እኔም እጠረጥር ነበር። አራቱም እኩል የሚያልቁበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ግን ሰማያዊ ጭስና የዘይት መጉደል አብረው ይመጣሉ። አንተ ዘንድ ሁለቱም የሉም።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በወጣትነቴ አንድ ጤነኛ ሞተር ስለፈታሁ ነው። ባለቤቱ የታክሲ ሹፌር ነበር። ሦስት ሳምንት ከሥራ ዋለ። አዲስ ፋሻ አስገብተን፣ ገጥመን፣ ስንለካው ቁጥሩ ያው ሆነ። የዚያን ቀን የሰውዬውን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብርህ ወደ መለኪያ ይሂድ። የኮምፕሬሽን መለኪያ ስትገዛ ጫፉ ጎማ የሆነውንና በእጅ ተጭነህ የምትይዘውን ተወው። ጥርስ ኖሮት በካንዴላው (እሳት በሚሰጠው ዕቃ) ቦታ ተጠምዝዞ የሚገባውን ያዝ። ለብዙ ቶዮታዎች 14 ሚሊ ጥርስ ያለው ይሆናል፤ ግን የራስህን ካንዴላ ይዘህ ሄደህ አስተያየው። መርፌው ደግሞ የደረሰበት ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ፣ መልቀቂያውን ስትጫን የሚመለስ ይሁን።

አለካኩም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ሞተሩን አሙቀህ አጥፋው፤ እጅህን እስከማያቃጥልህ ድረስ ጠብቅ። የነዳጁን ፊውዝ አውጣ፤ የእሳቱንም ሶኬት ንቀል። አራቱንም ካንዴላ ፍታ። አንድ ሰው ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጦ ይያዝና ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) አምስት ስድስት ምት ያህል ያዙረው። ነዳጁ ካልተረገጠ በቂ አየር አይገባም፤ ቁጥሩ በከንቱ ይወርዳል። ባትሪው ከደከመም እንዲሁ ነው። ዝቅ ያለ ሲሊንደር ካገኘህ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርና ድገመው። ቁጥሩ ብድግ ካለ ችግሩ ፋሻው ጋ ነው። ካልተነቃነቀ ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታ ጋስኬት (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ከቴስታታው ሥር ወዳለው ማሸጊያ) ተመልከት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጋስኬቱ በመካከላቸው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ መልቲሜትር ነው። ርካሹም ይበቃሃል። ያደረ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካሳየህ ባትሪው ተሞልቷል፤ ዲናሞውም እየሞላው ነው።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። ለቶዮታ ሥራ አብዛኛው ብሎን 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ሚሊ ነው። በአንድ ሳጥን 100 ምናምን ዕቃ ተደርድሮ ሲያብረቀርቅ አያታልልህ። ብዙ ጊዜ ግማሹ የኢንች ነው፤ ለአንተ አይሆንም። ይባስ ብሎ ከሚሊው ጋር ይምታታና የብሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። ሦስት ስምንተኛ ኢንች እጀታ ያለው ጥሩ የቦክስ ቁልፍ ስብስብ ግዛ (ኢንቹ እጀታው የሚሰካበት ልክ ብቻ ነው፤ ቦክሶቹ የሚሊ ይሁኑ)፤ ማራዘሚያ ይጨመርበት። ቦክሱ ውስጡ ስድስት ማዕዘን ይሁን። አሥራ ሁለት ማዕዘኑ በቶሎ ይገባል፤ ግን ዝገት የያዘውን ብሎን ሲፈታ ይንሸራተታል።

መርካቶ ከመሄድህ በፊት ከመኪናህ ላይ 10፣ 12 እና 14 ብሎን ፈትተህ ኪስህ ክተት። ሱቁ ውስጥ ቦክሱን አስገብተህ ግራ ቀኝ ነቅንቀው። የሚወዛወዝ ከሆነ መልስለት። ክሮም ቫናዲየም (የጠንካራ ብረት ዓይነት) የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ማንም ይቀርጸዋል። ጡረታ ከወጣ ሜካኒክ እጅ ያገለገለ ጥሩ ቁልፍ ካገኘህ ከአዲስ ኮፒ አስበልጠህ ውሰደው።

የካንዴላ ቁልፉ እንደ ሞተሩ 16 ወይም 21 ሚሊ ነው። ውስጡ ካንዴላውን የሚይዝ ጎማ ይኑረው። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ አዲስ ካንዴላ መጀመሪያ በጣትህ እስከ መጨረሻ ይግባ። ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ አለፍ ይበቃዋል። ያገለገለውን ከመለስከው በጥቂቱ ብቻ አጥብቀው። ጥርሱ ከተበላ ቀላሉ ሥራ ከባድ ይሆንብሃል። ቶርክ ሬንች (ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) አሁን አትግዛ። ቴስታታ የምትፈታ ቀን ግን ያለ እሱ አትጀምር፤ ተከራይም ተዋስም።

ማሸጊያ ሲሊኮን በትንሹ ተጠቀም። ጋስኬት ባለበት ቦታ ሁሉ የሚደፋ ሰው አያለሁ። የተረፈው ወደ ውስጥ ተቆርጦ ይገባና የዘይት መተላለፊያ ይዘጋል። ዕቃ ለማጠብም ቤንዚን አትጠቀም። ግቢ ውስጥ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይፈላል፤ የቤንዚን ተን ደግሞ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያገኛል። ናፍጣ ወይም ላምባ ይሁን፤ እሱም ከእሳት ራቅ ብሎ።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። መኪናው ሥር ለመግባት ብሎኬት አትደርድር። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ክብደቱ አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈርሳል። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ሁለት የብረት ማቆሚያ ግዛ፤ ገንዘብ ካነሰህ ከቁልፎቹ ላይ ቀንስ። ግቢህ አፈር ከሆነ ከሥራቸው ወፍራም ጣውላ አንጥፍ፤ የኋላ ጎማዎቹንም በድንጋይ አግድ።

ወደ እንጦጦ ዳገት እንመለስ። ተርቦ የሌለው ሞተር በእኛ ከፍታ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን በአየሩ ምክንያት ያጣል። ያንን አንቀይረውም። ግን መኪናው ከበፊቱ ከደከመ ሌላ ምክንያት አለ። የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ ያዘው። በፒስታ መንገድና በግንባታ አቧራ መካከል የምትመላለስ ከሆነ ብርሃን ላያሳልፍ ይችላል። ቀይረው። ካንዴላዎቹን ተመልከት፤ ጥቁርና ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። የነዳጅ ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ ካላስታወስክ እሱንም ለውጥ። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ጠርጥር።

ማጣሪያውንና ካንዴላውን ቀይረህ ያንኑ ዳገት በዚያው ማርሽ ውጣው። ለውጥ ከሌለ የካንዴላዎቹን ፎቶ በሲሊንደር ቅደም ተከተል አንስተህ ከአዲሶቹ ቁጥሮች ጋር ላክልኝ። እስከዚያ ቴስታታውን አትንካው።