ሐረማያ ዳር ለማደር፦ ካያክ፣ መንጠቆና ውሻ ይዛችሁ ለምትመጡ

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ዘመድ ልትጠይቁ ስትመጡ ልጆቹን፣ ውሻውንና የሚነፋ ካያክ (ትንሽ የቀዘፋ ጀልባ) ይዛችሁ ሐይቅ ዳር ለማደር ካሰባችሁ፣ አንድ ሌሊት ብቻ እደሩ፤ ከአያቶች ቤትም ብዙ አትራቁ። ትልቁ ሥራ ያለው ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ነው፤ በተለይ የውሻው።

ውሻውን ማስገባት ቀላል ነው፤ ችግሩ መልሶ መውሰዱ ላይ ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ አስገብታለች። ስለዚህ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለው፣ አሜሪካ ውስጥ የተከተበበትም ወረቀት በግብርና መሥሪያ ቤታቸው የጸደቀ መሆን አለበት። ማጽደቁ ከመነሳታችሁ በፊት ነው፤ እዚህ ከመጣችሁ በኋላ የሚስተካከል ነገር አይደለም። ቺፑም ከክትባቱ መቅደም አለበት። ከአውሮፓ የምትመጡ ደግሞ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳየውን የደም ምርመራ እዚያው ጨርሱ፦ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደም ይወሰዳል፤ ውጤቱ ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት በሚሊ ሊትር ሆኖ በውሻው ፓስፖርት ላይ መጻፍ አለበት። ደሙ እዚህ ከተወሰደ ለመመለስ 3 ወር መጠበቅ ይመጣል።

ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ካያክ የሚነፋው ዓይነት ነው። በጋዝ ጥይት ራሱን የሚነፋ ላይፍ ጃኬት አውሮፕላን ላይ ጣጣ ያመጣል፤ የፎም የሆነውን ያዙ፤ የልጆቹን በዕድሜ ሳይሆን በክብደታቸው ምረጡ። የውሻው ጃኬት ጀርባው ላይ ማንጠልጠያ ይኑረው፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ውሻ የሚወጣው በእሱ ተይዞ ነው። የፓምፕ ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ይሂዱ። ድሮንና ዎኪ ቶኪ ያለቅድሚያ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ ይያዛሉ፤ ቤት ተዉአቸው። የካምፒንግ ጋዝ ቆርቆሮ አይበርም፤ ድሬ ላይ የከሰል ምድጃ በየገበያው አለ።

ሐረማያ ከድሬዳዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሐረር ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድሬ ሲወጣ የደንገጎ ጠመዝማዛ ስላለ ካያኩን ነፍታችሁ ጣሪያ ላይ አትሰሩት፤ ታጥፎ ይሂድ። ሐይቁ ለመስኖና ለከተማ ውሃ ሲሳብ፣ በደለልም ሲሞላ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ፈጽሞ ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ነው ውሃው የተመለሰው። ይህ ታሪክ ለወላጅ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐይቁ ደርቆ በነበረበት ጊዜ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት መስኖ ወለሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ያ ወለል አሁን ከውሃ በታች ነው። ውሃው ጉልበት ድረስ ነው ብሎ የሚራመድ ልጅ በአንድ እርምጃ ሊሰምጥ ይችላል። ጭቃውም እግር ይይዛል። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት ካያክ ላይ ብቻ ሳይሆን ዳር ላይም ይለበስ፤ ካያኩንም የአካባቢው ሰው ከብት የሚያጠጣበት ደረቅና ጠጣር ዳር ፈልጋችሁ አስገቡ።

ድሬዳዋ አሸዋማ ወንዝ ውስጥ ድንኳን መትከል ግን በፍጹም አይታሰብ። የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ይመስላል፤ አሸዋው ለስላሳ፣ ለልጅ መጫወቻ የሚጋብዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ የሚጥለው ላይኛው ደጋ ስለሆነ ከተማው ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ ጎርፉ ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለድንኳን የተሻለ ነው፤ ታኅሣሥ 19 አካባቢ ግን የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ መንገዱን ስለሚሞላው ሌላ ሳምንት ምረጡ።

የምታድሩበትን ቦታ ቀድማችሁ ከቀበሌውና ከመሬቱ ባለቤት ጋር ተነጋገሩ፤ ዓሣ ይጠመድ እንደሆነና የት እንደሚጠመድም ከዳሩ ሰዎች ጠይቁ። አፋን ኦሮሞ የሚችል የአጎት ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። ለዘበኛ የሚከፈለውን በግልጽ ተስማሙ። ጫት ማሳ ውስጥ ለማቋረጥ አትሞክሩ፤ ባለቤቱ ሌባ መስላችሁ ይነሳል፤ ማሳው መድኃኒት ተረጭቶም ሊሆን ስለሚችል ውሻው ከቦዩ አይጠጣ። ለሰው በቀን 4 ሊትር፣ ለውሻው ደግሞ ለብቻው 2 ሊትር ውሃ ጫኑ።

ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ብርድ ነው። ከድሬ ሙቀት ወጥታችሁ ነጠላ ብቻ ይዛችሁ እንዳትገኙ፤ ብርድ ልብስ ከአያቶች ቤት ተዋሱ። ሲበርዳችሁ ግን የከሰል ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ተኝቶ የተነፈሰው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ድሬ ከተማ ለምታድሩበት ሌሊት ደግሞ አጎበር ያስፈልጋል፤ ወባም ደንጊም አለ፤ የደንጊዋ ትንኝ የምትነክሰው ቀን ነውና ቅባቱን ጠዋትም ተቀቡ።

አሁን ጅቡ። ሐረርና ዙሪያዋ ጅብ ሰው ብዙም አይፈራም፤ ውጭ የታሰረ ውሻ ለጅብ የቀረበ እራት ነው። ውሻው መሸት ሲል ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር ወይም መስኮቱ ትንሽ በተከፈተ መኪና ውስጥ ይደር። የዓሣ ሆድ ዕቃ መቅበር አይበቃም፤ ጅብ ቆፍሮ ያወጣዋል። ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ሰብስባችሁ ከድንኳኑ አርቁት፤ ጠዋት ይዛችሁት ሂዱ። ቀን ደግሞ ውሻው ከማሰሪያው አይፈታ፦ የእረኛ ውሾች አሉ፤ ብዙው ጎረቤት ሙስሊም ስለሆነም የውሻ ምራቅ ልብሱን ወይም የውሃ ጀሪካኑን እንዳይነካበት ይጠነቀቃል። ይህን ማክበር የእንግዳ ግዴታ ነው። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ጭረት ብትሆንም በዚያው ቀን ሐረር ሕይወት ፋና ወይም ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል ሂዱ።

ውሃ ላይ የምትሆኑበት ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ነው። ከረፋዱ በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ የሚነፋ ካያክ ቀላል ስለሆነ ወደ መሃል ይገፋዋል፤ ሲመለሱ መቅዘፍ ከባድ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ነፋሱ ቅዘፉ፤ ሲደክማችሁ እሱ ራሱ ይመልሳችኋል። ካያኩን በንጋት ቅዝቃዜ ጥግ ድረስ ነፍታችሁ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት አየሩ ሰፍቶ ስፌቱን ይበጥሳል፤ ከውሃ ሲወጣ ትንሽ አስተንፍሱት። የውሻ ጥፍር ወለሉን እንዳይበሳ አሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ አንጥፉ። የመጠገኛው ማጣበቂያ እስኪደርቅ 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሚፈልግ ሐይቅ ዳር የተበሳ ካያክ የዚያ ቀን ሽርሽሩ አበቃ ማለት ነው።

ለቀረሶ (ቲላፒያ) ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆና ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚችል ክር ይበቃል፤ አፉ ትንሽ ነው፤ ትልቅ መንጠቆ ላይ የተሰካውን ምግብ ለቅሞ ይሄዳል። ጠንከር ብሎ የተለወሰ የስንዴ ሊጥ ወይም የምድር ትል አድርጋችሁ ሣር ካለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ጣሉ። አምባዛ ጭቃማውን ወለል ይወዳል፤ ሲመሽ ይነሳል፤ 15 ኪሎ የሚችል ክርና ወፍራም መንጠቆ ይጠይቃል። ከጭንቅላቱ ጎን ያለው እሾህ እጅ ስለሚወጋ በጨርቅ ያዙት። የጾም ቀን ከሆነ ዓሣ መብላቱ በየቤቱ ስለሚለያይ ድስቱ ከመጣዱ በፊት አያትን ጠይቁ።

ሊጥ የተሰካበት መንጠቆ ለውሻ ምግብ ነው። ከዋጠ ክሩን አትጎትቱ፤ መንጠቆው ጉሮሮውን ወይም ሆዱን ይቀድዳል። ክሩን አንድ ክንድ ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ምንም አታብሉት፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው እዚያ ጠይቁ። ማጥመጃውን በማይጠቀሙበት ደቂቃ መንጠቆውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ መክተት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ስትመለሱ ካያኩን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ አያት ግቢ ጥላ ሥር ግማሽ ቀን አድርቁት፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ጭቃም በጨርቅ አውጡ። እርጥብ ከታጠፈ ይሻግታል፤ የአየር ማረፊያው ሚዛን ላይም ውሃው እንደ ዕቃ ይመዘናል።