ገና ማስተማር ለጀመራችሁ

ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ክፍል መቆጣጠር ማለት መጮህ ይመስለኝ ነበር። ጠረጴዛውን እደበድባለሁ፣ «ዝም በሉ!» እላለሁ። ክፍሉ ለአንድ ደቂቃ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ብሶበት ይንጫጫል። እኔም ብሶብኝ እጮሃለሁ። ማታ ቤቴ የምገባው ድምፄ ተዘግቶ ነው።

ኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። በእስክሪብቶ ዴስኩን ይመታል። አንድ ቀን ሰሌዳው ጋ እንደቆምኩ ስሙን ጠርቼ በሁሉም ፊት የስድብ መዓት አወረድኩበት። ጓደኞቹ ሳቁ። እሱም ብድግ ብሎ መለሰልኝ። «ባለጌ!» ብዬ አስወጣሁት።

ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል። በዚያ ዕድሜ በጓደኛ ፊት እንደመዋረድ የሚያም ነገር የለም። ዝም ቢል ተዋረደ፣ ቢመልስ ባለጌ ተባለ። መውጫ ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ልጅ እንደዚያው ሲያደርግ፣ ማስረዳቴን ሳላቋርጥ በዴስኮቹ መሀል አልፌ አጠገቡ ደረስኩ። ጣቴን ደብተሩ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ «ስንተኛው ጥያቄ ላይ ደረስክ?» አልኩት። እስክሪብቶው ቆመ። «ሁለተኛው» አለ። «ሦስተኛውን ስትጨርስ ታሳየኛለህ» ብዬ አለፍኩ። ቁም ነገሩ ማለፌ ላይ ነው። አናቱ ላይ ቆሜ ብጠብቀው ኖሮ እልህ ውስጥ እንገባ ነበር።

ጄኮብ ኩኒን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ መምህራን ሲያስተምሩ በቪዲዮ እየቀረጸ አጥንቶ፣ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1970 አሳትሟል። ተማሪ ካጠፋ በኋላ በሚወስዱት እርምጃ ጎበዙና ክፍል የሚያስቸግረው መምህር ብዙም አይለያዩም። ልዩነቱ ያለው ከጥፋቱ በፊት ነው። ጎበዙ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ያያል፤ ተማሪዎቹም እንደሚያይ ያውቃሉ። ከአንዱ ሥራ ወደሌላው ሲሸጋገርም ጊዜ አይባክንበትም።

ይሄ እኔም ያየሁት ነው። ረብሻ የሚነሳው ባዶ ጊዜ ሲገኝ ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ፣ ደብተር ሲያድል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ሲሞላ። ስለዚህ ተማሪዎቹ ሳይገቡ አንድ አጭር ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ገብተው ሲቀመጡ የሚሠሩት ነገር ይኑራቸው። ስትጽፉም በጎን ቆማችሁ ጻፉ፤ ሁለት መስመር ጽፋችሁ ዞር በሉ። ትእዛዝ አንድ በአንድ ስጡ። «ደብተር አውጡ፣ መጽሐፍ ክፈቱ፣ በቡድን ሁኑ» በአንድ ትንፋሽ ከተባለ፣ ግማሹ ወንበር ሲጎትት ግማሹ «ምን አለ?» እያለ ጎረቤቱን ይጠይቃል።

በማታደርጉት ነገር አትዛቱ። «ሁለተኛ ክፍሌ አትገባም» ያላችሁት ልጅ ነገ ገብቶ ከተቀመጠ ቃላችሁ ዋጋ አጣ። በአንዱ ጥፋት ሁሉንም መቅጣት ደግሞ እባካችሁ ይቅርባችሁ። ያላጠፋው ልጅ ይቀየማችኋል፤ እውነቱን ነው። የቤት ሥራንም ቅጣት አታድርጉት፣ ትምህርቱን ያስጠላል።

አንድ ልጅ ስትቆጡም በማግስቱ በር ላይ ስሙን ጠርታችሁ ሰላም በሉት። እኔ ያን የመጀመሪያውን ልጅ በማግስቱ አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አውጥቶ አያውቅም።