ከኮሌጁ በፊት ስቶር ኪፐሩን ፈልገው

ከሐዋሳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ሌሎችም ስለሚያነቡት ደብዳቤህን አጠር አድርጌ ላንሳው። የ27 ዓመት ወጣት ነህ። በአካውንቲንግ ተመርቀህ መናኸሪያ አካባቢ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሒሳብ ትሠራለህ። ቆርቆሮና ሚስማር ያለ ደረሰኝ እየሸጥክ በጠቅላላው 62 ሺህ ብር ወስደሃል። ከጥቂት ወራት በፊት ጌታን አገኘህ፣ ንስሐ ገባህ፣ እንቅልፍህም ተመለሰ። አሁን ሥራውን ትተህ ቴዎሎጂ ተምረህ ሙሉ ጊዜ አገልጋይ መሆን ትፈልጋለህ። «ይቅር ካለኝ ሕይወቴ የእሱ ናት፤ ሌላ ሥራ ምን ያደርግልኛል?» ብለሃል። የጠየቅከኝ የትኛው ኮሌጅ ይሻላል ብለህ ነው።

ወደ ኮሌጁ እመጣለሁ። እኔን የያዘኝ ግን አንተ ቶሎ ያለፍከው ነገር ነው። «ሰኔ 30 ቆጠራ ላይ ጉድለት ተገኘና ስቶር ኪፐሩ ተሰናበተ፤ የመጨረሻ ደሞዙም ተያዘበት» ትላለህ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጥሪህ ትገባለህ። ከፍ ብለህ ደግሞ ሰውየው ስለሚያምንህ «ወረቀቱን በኋላ እሠራልሃለሁ» ስትለው ዕቃውን በቃል ያወጣልህ እንደነበር ጽፈሃል። እነዚህን ሁለት ቦታዎች እስቲ አንድ ላይ አንብባቸው። ያ ሰው አንተን በማመኑ ስሙ ጠፍቷል። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ነጋዴው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ጉድለት አጉድሎ ወጣ የተባለ ሰው ሌላ ስቶር የሚያስረክበው አያገኝም።

በይቅርታው አልከራከርህም። ይቅርታ በሥራ አይገዛም፣ የእምነትህ መሠረቱ ይሄ ነው። የምፈራው ራስህ ሳታውቀው አገልግሎቱን የዕዳ ክፍያ እንዳታደርገው ነው። በዚህ መንፈስ የገባ ሰው መጀመሪያ ላይ ከሁሉም በላይ ይሮጣል። ጾም እሱ፣ አዳር ጸሎት እሱ፣ ወንበር መደርደር እሱ። ቆይቶ ግን ይደክመዋል፣ ምክንያቱም የሚከፍለው ነገር ማለቂያ የለውም። የወሰድከውን ከፊሉን መባ አድርጌ ሰጥቻለሁ ማለትህም ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። የሰው ገንዘብ መባ አይሆንም፣ ወንድሜ።

ጌታን ከካደ በኋላም አገልግሎት ተሰጠው ብለህ ጴጥሮስን አንስተሃል። ልክ ነህ፣ በዮሐንስ 21 ጌታ በባሕሩ ዳር ዓሣ አብልቶት ሦስት ጊዜ ጠየቀው፣ በጎቹንም ሰጠው። ግን ጴጥሮስ የተጠራው ያን ቀን አልነበረም። ከመካዱ ብዙ ቀደም ብሎ መረቡን ትቶ ተከትሏል። ደግሞም የካደው ጌታን ነበር፤ ይቅር ያለውም ያው የተካደው ጌታ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነው። አንተ የበደልከው ሰው ግን እስካሁን ምንም አያውቅም።

ላንተ የሚቀርበው አናሲሞስ ነው። የፊልሞና መልእክት አንድ ምዕራፍ ናት፣ ዛሬ ማታ አንብባት። አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና የኮበለለ ባሪያ እንደነበር ይታመናል። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ በእምነት ወለደው፣ በአገልግሎትም ሊያስቀረው ፈልጎ ነበር። ግን አላስቀረውም፤ ያለ ፊልሞና ፈቃድ ምንም ማድረግ አልወደደም። ልጁን ደብዳቤ አስይዞ ወደ በደለው ቤት ላከው፣ ዕዳ ካለበትም እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። አገልግሎቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ አማክር። የሠራኸው በወንጀል ሕጉ እምነት ማጉደል ሊባል ይችላል። ንስሐ ስለገባህ ፋይሉ አይዘጋም። ስለዚህ ምን እንደምትጽፍና ለማን እንደምትፈርም አውቀህ ግባ። ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያንህ ሽማግሌዎች ሁለት የታመኑ ሰዎች ያዝ። ባለመደብሩ ወይም ስቶር ኪፐሩ የሲዳማ ሰዎች ከሆኑ በአፊኒ፣ በሲዳማ ባህላዊ የሽምግልና ሥርዓት፣ መታየት ይመርጡ ይሆናል። እዚያ የሁሉም ወገን በደንብ ሳይሰማ ውሳኔ የለም፣ ላንተም የሚበጅህ ይሄ ነው።

ሒሳቡን ደግሞ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሥራው። ባለመደብሩ የጉድለቱን የተወሰነ ክፍል ከስቶር ኪፐሩ ደሞዝ ይዟል። ስለዚህ 62 ሺውን በሙሉ ለባለመደብሩ ብትመልስ አሁንም የአንድ ሰው ደሞዝ እንደተበላ ይቀራል። የተያዘበት ለእሱ፣ ቀሪው ለባለመደብሩ። ዘኁልቁ 5:7 ዋናውን መልሶ አንድ አምስተኛ ጨምርበት ይላል። ባንተ ሒሳብ 74,400 ብር ይመጣል። በኦሪት ሕግ አላስገድድህም፣ ያ ሰው ያለ ሥራ የከረመባቸውን ወራት ስታስብ ግን ጭማሪው አይበዛም። በአንድ ጊዜ ካልቻልክ በየወሩ እየከፈልክ ለመጨረስ በጽሑፍ ተስማማ።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ስሙ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ወደ ሥራ መልሱኝ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሰኔ ላይ የወጣ ሰው ያንን ዕድል ሳያጣው አልቀረም። ጉድለቱ የእሱ እንዳልሆነ ባለመደብሩ በጽሑፍ እንዲሰጠው፣ የሥራ ልምድ ማስረጃውም በንጹሕ እንዲጻፍለት ሽማግሌዎቹ ይጠይቁልህ። እሑድ መድረክ ላይ ወጥተህ ምስክርነት እንድትሰጥ የወጣቶች መሪው ጠይቆኛል ብለሃል። አሁን አይሆንም በለው። ሰውየው ወሬውን ከማይክ መስማት የለበትም።

ኮሌጁን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ላይ የመካነ ኢየሱስ የታቦር ኮሌጅ አለልህ። አዲስ አበባ መካኒሳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪም አለ። የትም ብትሄድ የቤተ ክርስቲያንህን የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅህ አይቀርም። ይህንን እንደ ቢሮክራሲ አትየው። በሐዋርያት ሥራ 13 በርናባስና ሳውል ለተልእኮ የተለዩት በአንጾኪያ ሲያገለግሉ ነው፣ አብረዋቸው ያሉ ሰዎች እጃቸውን ጭነው ነው የላኳቸው። አንተም ጥቂት ዓመት ሠርተህ ይዩህ። እስረኛ መጠየቅ፣ የታመመ መጎብኘት፣ በወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት (ኢቫሱ) ውስጥ ያሉ ተማሪዎችን መርዳት፣ ይሄ ሁሉ ዲግሪ አይጠይቅም። የገንዘብ ያዥነት ኃላፊነት ቢሰጡህ ግን ለጊዜው አትቀበል።

ሙያህንም አትናቀው። ጳውሎስ ራሱ ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፋ ነው የሰበከው። የተመላሽ ክፍያውም እስኪያልቅ ደሞዝ ያስፈልግሃል፣ ይህ ደግሞ በጸሎት ብቻ የሚገፋ ነገር አይደለም።

እውነቱን ሲሰማ ባለመደብሩ ሊያሰናብትህ ይችላል፣ ለዚያም ተዘጋጅ። በራስህ ፈቃድ የምትለቅ ከሆነ ግን ሕጉ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ማመልከቻህን ቀን ጽፈህበት አስገባ፣ ቅጂውን አስፈርመህ ያዝ። በወሩ ውስጥ ሙሉ ቆጠራ ይደረግ። ርክክቡ ላይ አንተ፣ ተረካቢውና አሁን ያለው ስቶር ኪፐር ሦስታችሁም ፈርሙ።